መድኃኒት ሻጩ ግሮቭና የድንጋይ ሆቴሉ

በየዓመቱ በመጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ሊቃውንት ነው። እኔ ግን ለዘንድሮው እትም የመረጥሁት ዙፋን ያልወረሰ፥ ጦር ያልመራ አንድ አሜሪካዊ መድኃኒት ሻጭ ነው። ስሙ ኤድዊን ዋይሊ ግሮቭ ይባላል። በዘመኑ በአገሩ ስሙን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነበረ፤ ፊርማው በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ በተደረደሩት ሣጥኖች ታትሞ ይታይ ነበርና። ዛሬ ግን ስሙ የሚነሣው በሌላ ምክንያት ነው። እርሱ ባሠራው ሆቴል ውስጥ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር የቆየ የእጅ ሥራ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ከየአቅጣጫው እየመጡ ጉባኤ ያደርጋሉ። የወባ መድኃኒት ሲሸጥ የኖረ ሰው ከወንበርና ከፋኖስ ሰብሳቢዎች ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ ለማወቅ ስፈልግ ያገኘሁትን ነው ለአንባቢዎቼ የማቀርበው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ግሮቭ በ1850 ዓ.ም. በቴኔሲ ክፍለ ሀገር ዋይትቪል በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተወለደ። የልጅነት ዘመኑ የዋለው የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርሱ በተዋጋበት ጊዜ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ደቡቡ ደኽይቶ ስለ ነበር ወጣቱ ግሮቭ እንጀራውን ፍለጋ ፓሪስ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ይህች ፓሪስ የፈረንሳይዋ አይደለችም፤ እዚያው ቴኔሲ ውስጥ ያለች የገበያ ከተማ ናት። እዚያም በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ገበታ ጀርባ ቆሞ ሲሸጥ ቆየና ጥቂት ዓመት እንደ ሠራ ሱቁን ራሱ ገዛው።

በዚያን ጊዜ የደቡብ አሜሪካን ቈላ ሕዝብ ከሁሉ ይበልጥ ያስጨንቅ የነበረው ወባ ነው። (የደቡብ አሜሪካ ማለቴ የተባበሩት መንግሥታት ደቡብ ክፍል ማለቴ ነው እንጂ ብራዚልን አይደለም።) በሚሲሲፒ ወንዝ ዙሪያ ባለው ረግረግ አገር በሽታው በጋና ክረምት ሳይል ይመላለስ ነበረ። ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ይነዳል፤ ከዚያም በላብ ተጠምቆ ይወድቃል፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ገና ይጀምረዋል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም ያረጋገጠው በ1897 ስለ ሆነ፥ በግሮቭ ወጣትነት ጊዜ ሰዎች በሽታው ከረግረግ ከሚነሣ መጥፎ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበረ። መድኃኒቱን ግን ያውቁት ነበር፤ ይኸውም ከሲንኮና ዛፍ ልጥ የሚወጣው ኪኒን ነው። ፈረንሳውያን ሁለት ኬሚስቶች ከልጡ ለይተው ያወጡት በ1820 ነው። እኛ ዛሬ ማንኛውንም እንክብል መድኃኒት፥ ለራስ ምታትም ይሁን ለሆድ ቁርጠት፥ ኪኒን ብለን የምንጠራው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የአንዱ መድኃኒት ስም የሁሉ ስም ሆኖ ቀረ።

ኪኒን ያድናል፤ ነገር ግን መራራነቱ ከልክ ያለፈ ነው። አያቴ በወጣትነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ወርደው ወባ ይዟቸው ነበረና ያንን ምሬት ሲያነሡ ዛሬም ፊታቸው ይጨማደዳል። ዐዋቂ ሰው እንዲህ ከሆነ ሕፃን እንዴት አድርጎ ይውጠው? እናቶች የልጁን አፍንጫ ይዘው ሲያስጐነጩት ልጁ መልሶ ይተፋዋል፤ መድኃኒቱ በእጃቸው እያለ ልጃቸው ይሞትባቸዋል። ግሮቭ በመድኃኒት ቤቱ ቆሞ በየቀኑ የሚያየው ይህን ነበረ።

መላ ማሰብ የጀመረውም ከዚህ ነው። አንድ ነገር የሚጣፍጠው ወይም የሚመረው በምላስ ላይ ሲሟሟ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ሳይሟሟ እንደ ደቀቀ ዱቄት በወፍራምና ጣፋጭ ሽሮፕ ውስጥ ተንሳፎ ቢቀር ምላስ ሳያውቀው ያልፋል፤ ሆድ ሲደርስ ግን ይሟሟና ሥራውን ይሠራል። ብዙ ጊዜ ሞክሮ ይህን አገኘና ጣዕም የሌለው የብርድ ብርድ መድኃኒት የሚል ስም ሰጥቶ በጠርሙስ አወጣው። ጠርሙሱ ከመወሰዱ በፊት በደንብ መነቅነቅ ነበረበት፤ ዋጋውም 50 ሳንቲም ነበረ። ያልዳነ ሰው እንዳይከፍል በማስታወቂያው ላይ ቃል ገባ። ሥዕሉ ደግሞ አስቂኝ ነው፤ የሕፃን ራስ ያለው የሰባ ዐሣማ ነበረ። ለእኛ ስድብ ይመስለናል፤ በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ግን የከሳ ልጅ የታመመ ልጅ ስለ ነበር መወፈር የጤና ምልክት ነው። የእናቶችን ልብ በዚህ አገኘው።

ቀጥሎም ለጉንፋን የሚሆን ኪኒን ያለበት እንክብል አወጣ። በየሣጥኑ ላይ ፊርማው የታተመው ይኸኛው ነው። ፋብሪካውን በቀድሞዋ ከተማው ስም የፓሪስ መድኃኒት ኩባንያ ብሎ ሰየመና ወደ 1890 ገደማ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ አዛወረው። በአጭር ጊዜም ሚሊዮነር ሆነ። ፓሪስን ግን አልረሳትም፤ በስሙ የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1906 ገደማ በገንዘቡ ቆሞላታል። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የለም፤ ባለ ግንቡ ሕንጻ ግን እስከ ዛሬ አለ።

በቤቱ በኩል ሐዘን አላጣውም። የመጀመሪያ ሚስቱ በወጣትነቷ ሞታ ኤቭሊን የምትባል ሴት ልጅ ትታለት ነበረ። በኋላ ሌላ ሚስት አግብቶ ወንድ ልጅ ወልዷል። ጤናውም ደካማ ነበረ። ሚሊዮኖችን ያከመው ሰው ራሱ በሳልና ለብዙ ቀን በማያቋርጥ ስቅታ ይሠቃይ ነበር። ሐኪሞች የተራራ አየር ስለ መከሩት በ1897፥ ማለት ከዓድዋ ድል በኋላ በዓመቱ፥ በኖርዝ ካሮላይና ተራሮች መካከል ወዳለችው አሽቪል ወደምትባል ከተማ መጣ። አየሩ ተስማማው፤ አገሩንም ወደደው። ነጋዴ ነውና ዝም ብሎ አልወደደውም፤ መሬት መግዛት ጀመረ።

እዚህ ላይ ከሕይወቱ ውስጥ እኔን ደስ የማያሰኘኝ ነገር አለ። አሽቪል ለአየሯ ሲባል የሳምባ ነቀርሳ ሕመምተኞች የሚሄዱባት ከተማ ነበረች። ግሮቭ ራሱ አየር ፍለጋ የመጣ ሕመምተኛ ሆኖ ሳለ፥ ሕመምተኞች ካሉበት ባለጠጋ እንግዳ አይመጣም ብሎ በመሬቱ አቅራቢያ የነበሩትን አንዳንድ የሕሙማን ማገገሚያ ቤቶች እየገዛ አስፈረሰ። ነቀርሳ ተላላፊ ነውና ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ጽሑፉን ያነበቡልኝ መምህሬም ይህን አስታውሰውኛል። ነገር ግን እነዚያ በሽተኞች አልጋቸው ሲወሰድ ወዴት እንደ ሄዱ የጻፈላቸው ሰው አላገኘሁም።

ከከተማዋ በላይ ሰንሴት የሚባል ተራራ አለ፤ ትርጓሜው የፀሐይ መጥለቂያ ማለት ነው። ግሮቭ በዚህ ተራራ ወገብ ላይ ትልቅ ሆቴል ለማሠራት አሰበ። ሐሳቡ የመጣው በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በግንድና በድንጋይ ከተሠራው ሆቴል ነው ይባላል። የብዙ መሐንዲሶችን ንድፍ አስመጥቶ አየ፤ አንዱም ልቡን አልሞላውም። በመጨረሻ ንድፉን የሠራለት መሐንዲስ ያልሆነ ሰው ነው፤ ይኸውም የልጁ የኤቭሊን ባል ፍሬድ ሲሊ ነው። ሲሊ ቀድሞ በመድኃኒት ፋብሪካ የሠራ፥ በኋላም በአትላንታ ከተማ ጋዜጣ አቋቁሞ ያሳተመ ሰው ነበረ። አማቱ ያላዩትን እርሱ በንድፉ አሳያቸው፤ ቤቱ ከተራራው ላይ የተቀመጠ ሳይሆን ከተራራው ውስጥ የበቀለ መምሰል ነበረበት።

ሥራው በ1912 በጁላይ ወር ተጀመረና አንድ ዓመት ሳይሞላው ተጠናቀቀ። ወደ 400 የሚሆኑ ሠራተኞች በቀን 10 ሰዓት፥ በሳምንት 6 ቀን ሠሩ፤ የቀን ዋጋቸውም አንድ ዶላር ነበረ ይባላል። ከጣልያን የመጡ ግንበኞች ነበሩባቸው፤ የአገሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞችም ብዙዎች ነበሩ። ድንጋዩን ከዚያው ተራራ እየፈነቀሉ በበቅሎ፥ በገመድና በፓካርድ ካሚዮን በሚጐተት ጋሪ አመጡት። አንዳንዱ ቋጥኝ እስከ 10,000 ፓውንድ፥ ማለት 45 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ትእዛዙም ጥብቅ ነው፤ ድንጋዩ አይጠረብም፤ የድንጋይ ሽበት የበቀለበት ፊቱ ወደ ውጭ እንዲታይ ሆኖ ይቀመጣል፤ የመዶሻ ምልክት በግድግዳው ላይ እንዳይታይ። እኔ ስለ ግንበኝነት ብዙ አላውቅም፤ ነገር ግን ያልተጠረበ ቋጥኝ ከሌላው ጋር አጋጥሞ ግድግዳ ማቆም ከጠረቡት ድንጋይ ይልቅ አስቸጋሪ እንደሚሆን ማንም ይገምተዋል። እነዚያን ቋጥኞች ያነሡት ጥቁር ሠራተኞች በዚያ ክፍለ ሀገር በነበረው የዘር ልዩነት ሕግና ልማድ የተነሣ እንግዳ ሆነው በሆቴሉ ሊያድሩ አይችሉም ነበር። ስማቸውም ከድንጋዩ በአንዱ ላይ አልተጻፈም።

ሆቴሉ 150 መኝታ ክፍሎች ነበሩት፤ ጣራው እንደ ማዕበል የሚወርድ ቀይ ሸክላ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ሰው የሚያገኘው ታላቁ አዳራሽ ርዝመቱ 120 ጫማ ነው። በሁለቱ ዳር ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ምድጃዎች አሉ፤ የእያንዳንዱ ስፋት 36 ጫማ ነው። ስፋቱን ለመገመት የመማሪያ ክፍላችሁን አስቡ፤ ምድጃው ከክፍሉ ግድግዳ ሊበልጥ ይችላል። ወደ ፎቅ የሚያወጣው ሊፍት ደግሞ የተሠራው በጭስ ማውጫው ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ ነው። እንግዳ ከእሳቱ አጠገብ ባለች በር ገብቶ በተራራው ሆድ ውስጥ ሽቅብ እንደሚወጣ ይሆናል። ይህ ሁሉ የአሳንሰሩ መኪና ድምፅ በአዳራሹ እንዳይሰማ የተደረገ ብልኀት ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልመለስ፤ ሰብሳቢዎቹን የሚያመጣቸው ይህ ነውና። በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ ፋብሪካ የሚያመርተውን የተኳኳለ ዕቃ ጠልተው ሰው በእጁ ወደሚሠራው ቀላልና ጠንካራ ዕቃ መመለስ ይገባል የሚል ትምህርት አስነሥተው ነበር። ኤልበርት ሀባርድ የተባለው አሜሪካዊም የሳሙና ንግዱን ትቶ በ1895 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ሮይክሮፍት የሚባል የእጅ ባለሙያዎች ሠፈር አቋቋመ። በዚያ መጽሐፍ ይጠረዛል፤ ከኦክ እንጨት ወንበርና ጠረጴዛ ይሠራል፤ መዳብ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ፋኖስና ሳሕን ይሆናል። ሲሊ ለሆቴሉ የመረጠው እነዚህን ነው። የአዳራሹን መብራቶችና የመመገቢያ ክፍሉን ወንበሮች ሮይክሮፍቶች ሠሩ። ለመኝታ ክፍሎቹ የሚሆነውን የኦክ ዕቃ ዋይት የሚባል የኖርዝ ካሮላይና የእንጨት ሥራ ቤት ሲሠራ በየመሳቢያው ላይ የሚገባውን የመዳብ እጀታ ሮይክሮፍቶች አንድ በአንድ በመዶሻ ቀጥቅጠው ላኩ። በመመገቢያ ወንበሮቹ መደገፊያ ላይ የሆቴሉ ስም ሦስት መጀመሪያ ፊደላት ተቀርጸው ነበር።

ሆቴሉ በጁላይ 12 ቀን 1913 በግብዣ ተመረቀ። በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከቆመ ስድስት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር ማለት ነው። የምርቃቱን ንግግር ያደረገው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ነው። ከዚያ በኋላ ሲሊ ሆቴሉን ከአማቱ ተከራይቶ ያስተዳድረው ጀመረ። አስተዳደሩም እንደ ገዳም ሥርዓት የጠበቀ ነበረ። ማታ እንግዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲነጋገሩ ይጠየቃሉ፤ ልጅ ይዞ መምጣት አይወደድም፤ ውሻ ፈጽሞ አይገባም። ለእንግዳ የሚሰጠው መልስ እንኳ የታጠበ ሳንቲምና አዲስ የወረቀት ገንዘብ ነበረ ይባላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ቶማስ ኤዲሰን፥ ሄንሪ ፎርድና የጎማው ባለቤት ፋየርስቶን በ1918 መጥተው አርፈውበታል። ሲሊ በ1917 ደግሞ የሱፍ ጨርቅ በእጅ የሚሸመንበትንና እንጨት የሚቀረጽበትን የቢልትሞር የእጅ ሥራ ድርጅት ገዝቶ ከሆቴሉ አጠገብ አስቀመጠው።

አንባቢ እዚህ ላይ ግሮቭ የት ሄደ ይል ይሆናል። ግሮቭ ለእጅ ሥራ ልዩ ፍቅር ነበረው ለማለት አልደፍርም። እርሱ የሚወደው መሬት መግዛትና መገንባት ነበር። በ1922 በከተማው መካከል በኮረብታ ላይ የነበረውን ባትሪ ፓርክ የሚባል አሮጌ የእንጨት ሆቴል ገዝቶ ሆቴሉን አፈረሰ፤ ኮረብታውንም ቈርጦ አስተካከለ፤ በቦታውም ባለ 14 ፎቅ ሆቴል በ1924 አቆመ። በ1926 ከእርሱ ፊት ለፊት ግሮቭ አርኬድ የሚባለውን ትልቅ የገበያ ሕንጻ አስጀመረ። ፍጻሜውን ግን አላየም። በጃንዋሪ 27 ቀን 1927 በዚያው በባትሪ ፓርክ ሆቴሉ ውስጥ በ76 ዓመቱ ሞተ። ሥጋውም ኑሮውን ወደ ጀመረባት ወደ ፓሪስ ቴኔሲ ተወስዶ ተቀበረ። የገበያው ሕንጻ ከታሰበለት ከፍታ ዝቅ ብሎ በ1929 ተከፈተ።

ከሞቱ በኋላ የተነሣው ጠብ ግን ከሕንጻዎቹ ሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ሲሊ የድንጋዩን ሆቴል የነደፈ፥ ያሠራና ከዐሥር ዓመት በላይ ያስተዳደረ ሰው ነው። አማቴ ሆቴሉን ሊሰጠኝ በአፉ ቃል ገብቶልኝ ነበር ብሎ ንብረቱን በሚያስተዳድሩት ላይ ክስ አቀረበ። በጽሑፍ የተያዘ ነገር ስላልነበረ ተረታ። ሆቴሉም ለሌሎች ተላለፈ። ቃሉ ተሰጥቶ እንደ ሆነ ሁለቱ ሰዎች ብቻ ያውቁት ነበር፤ አንደኛው ደግሞ በመቃብር ነበረ። ወላጆቻችን ውል በሽማግሌና በወረቀት ይሁን የሚሉት ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሲሊ በ1942 እስኪሞት ድረስ የኖረው ከዚያው ተራራ ራስ ላይ ለራሱ ባሠራው የድንጋይ ቤት ነው፤ ሆቴሉ ከበታቹ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ሆቴሉ ብዙ አየ። ደራሲው ስኮት ፊትዝጀራልድ በ1935ና በ1936 ታሞና ተክዞ ተቀምጦበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1942 የጠላት መንግሥታት ዲፕሎማቶች ከነቤተሰባቸው በጥበቃ ሥር ተቀመጡበት፤ በኋላም የባሕር ኃይል ወታደሮች ማረፊያ ሆነ። በ1955 አዲስ ባለቤት ሲገዛው ደግሞ የዘመኑ ሰው ዐይን ተለውጦ ስለ ነበር ከባዱ የኦክ ዕቃ ያረጀ ተብሎ ብዙው ተበተነ። የሮይክሮፍት ወንበር በርካሽ ወጥቶ በየሰው ቤት ጓዳ ገባ። ሀባርድ ራሱ በ1915 ሉሲታኒያ በተባለችው መርከብ ላይ ሳለ ከሚስቱ ጋር ሰጥሞ ሞቶ ነበረና ይህን አላየም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያስደንቃል። የልጅ ልጆቹ ትውልድ ይህንኑ ዕቃ እንደ ገና መፈለግ ጀመረ። በ1973 ሆቴሉ በአገሩ ታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ፤ በ1988 በፌብሩዋሪ ወር የመጀመሪያው የእጅ ሥራ ዕቃ ሰብሳቢዎች ጉባኤ በታላቁ አዳራሽና በዙሪያው ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚጠበቅ ሆኗል። ሰብሳቢዎቹ በሆቴሉ ያድራሉ፤ ጠዋት ስለ ሸክላ፥ ስለ መዳብና ስለ እንጨት ሥራ ትምህርት ይሰማሉ፤ ከቀትር በኋላ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ወደ ዘረጉበት ገበያ ይወርዳሉ። እዚያ አንድ ሽማግሌ መምህር፥ አንዲት ጡረተኛ ሐኪም፥ አንድ ወጣት አናጢ ጐን ለጐን ተንበርክከው ወንበር ገልብጠው ሲያዩ ይታያሉ ይባላል፤ የሠሪውን ምልክት ነው የሚፈልጉት። የሮይክሮፍት ምልክት በክብ ውስጥ ያለ አንድ ፊደልና ከላዩ የቆመ መስቀል ነው። ምልክቱ ካለ ዋጋው ይጨምራል፤ የውሸት ከሆነም ያንን የሚለዩ ዐዋቂዎች እዚያው አሉ። ከሆቴሉ ወጥተው ከነበሩት ወንበሮች ሦስቱን ፊደላት የያዙት እየተፈለጉ በብዙ ብር ይሸጣሉ።

እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ ሁለቱን የግሮቭ ሥራዎች አስተያየሁ። የመጀመሪያው ምሬትን በስኳር የሚሸፍን ነበረ። ሁለተኛው ግን ምንም የማይሸፍን ቤት ሆነ፤ ድንጋዩ ድንጋይ መሆኑን፥ መዳቡም መዶሻ ያረፈበት መሆኑን አይደብቅም። ይህን እርሱ አስቦበት ነው ለማለት አልችልም፤ ምርጫው የአማቹ ነውና። የጣዕም የለሹ መድኃኒት ጠርሙሶች ዛሬ ባዶአቸውን ይገኛሉ። ወባ ከአሜሪካ በ1951 ስለ ጠፋ መድኃኒቱን የሚፈልግ የለም፤ ነገር ግን ዐሣማዋ የታተመችበት ወረቀት እንደ ቆየ ዕቃ ይሰበሰባል። ምድጃዎቹ በክረምት ይነዳሉ፤ ሊፍቱም በጭስ ማውጫው ድንጋይ ውስጥ አሁንም ይወጣል ይወርዳል።